አቶ ባጭሩ ንባብ ሲያስጠኑ

ፈጣሪ ሰውን ሲያድል ለአንዱ ጆሮ ጨመረለት፣ ለሌላው ዓይን። አስረጂ ለሚባለው ወገን ግን ከሁለቱም ቀነሰና በምላስ አካካሰለት። ይህ ወገን የሌለበት ቤተ ዘመድ፣ የሌለበት መሥሪያ ቤት፣ የሌለበት የታክሲ ሰልፍ የለም። የጠየቃችሁትን ትቶ ያልጠየቃችሁትን ይመልስላችኋል። የምታውቁትን ነገር እስክትጠራጠሩት ድረስ ያብራራላችኋል። ደግሞ ክፋት የለበትም፤ መከራውም እዚህ ላይ ነው። ክፉ ቢሆን ጥሎት መሄድ ይቻል ነበር።

ከዚህ ወገን አንዱን በደንብ የምታውቅ ሴት አለች። አግብታቸዋለች።

ሰፈርተኛው ባሏን "አቶ ባጭሩ" ይላቸዋል። ንግግር ሲጀምሩ "ባጭሩ" ስለሚሉ ነው። እሳቸው "ባጭሩ" ካሉ የተቀመጠ ሰው ጀርባውን ያመቻቻል፣ የቆመ ሰው መደገፊያ ይፈልጋል። ሱቃቸው ጋራዦች በተደረደሩበት መንገድ ላይ ነው፤ የመኪና መለዋወጫ ይሸጣሉ። ካንዴላ ሊገዛ የገባ ሰው ካንዴላውን ከመጨበጡ በፊት እሳት ሞተር ውስጥ እንዴት እንደሚወለድ፣ ነዳጅና አየር የት ተገናኝተው የት እንደሚጣሉ ይማራል። አንዴ አንድ ሾፌር ትምህርቱን ከመሃል አቋርጦ ወጣና ከጎረቤት ሱቅ ገዛ። መነጽሩን ባንኮኒው ላይ ረስቶ ኖሮ ሊወስድ ሲመለስ፣ ካቆሙበት ቀጠሉለት። ሰውየው እስከ ዛሬ በዚያ መንገድ ሲያልፍ መስኮቱን ይዘጋል።

ሆዳቸውን አሟቸው ሐኪም ዘንድ ሄዱ። "ምን ያምዎታል?" ሲባሉ ስለ ጨጓራ አሠራር አስረዱ። ሐኪሙ ማዳመጫውን አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ ሰምቶ ሰምቶ፣ "እና እኔ ምን ልርዳዎት?" አላቸው። ሚስታቸው አጠገባቸው ተቀምጣ ነበር፤ መሬት ተከፍታ ብትውጣት ቅር አይላትም። ቴሌቪዥን ሲያዩ ገዳዩ ማን እንደሆነ ሟቹ ሳይሞት ይነግሯታል። መብራት የጠፋ ቀን ደግሞ ጨለማው ውስጥ ስለ ትራንስፎርመር ማብራራት ጀመሩ፤ መብራቱ ሲመጣ ለቁም ሳጥኑ ሲያስረዱ ተገኙ። ሚስታቸው ተነሥታ ከተኛች ቆይታለች።

ሴትየዋ የምትሠራው ልብስ ንጽሕና መስጫ ቤት ነው። የማጠቢያ ማሽኑ የነቃቀላቸውን የሸሚዝ ቁልፎች ቤት ይዛ እየመጣች ትተክላለች። ባሏ ሲያስረዱ ዓይኗን መርፌው ላይ ታደርግና አልፎ አልፎ "እህ" ትላለች። ትዳሩን ይዘው እዚህ ያደረሱት እነዚህ ሁለቱ ናቸው፤ "እህ" እና መርፌ።

አንዲት ልጅ አለቻቸው፤ አራተኛ ክፍል ደርሳለች። ይቺ ልጅ ስታነብ ልክ እንደ ቧንቧ ናት፤ አንዴ ከተከፈተች አትቆምም። የትምህርት ቤት መጽሐፍም ይሁን የመድኃኒት ወረቀት፣ ወይም አጥር ላይ የተለጠፈ የጨረታ ማስታወቂያ፣ ያገኘችውን ትወርድበታለች። አንድ ፊደል አይወላገድባትም። እንግዳ ሲመጣ አቶ ባጭሩ ጋዜጣ ያስይዟትና እጃቸውን ደረታቸው ላይ አጣጥፈው ያዳምጣሉ። "ጉድ ነው፤ ለመሆኑ ዕድሜዋ ስንት ነው?" ይላል እንግዳው። እናትየዋ ባትናገርም ደስታው ፊቷ ላይ ይታይ ነበር።

አንድ ቀን ሁለቱም ከትምህርት ቤት ተጠሩ።

መምህርቷ ወጣት ናት፤ ጣቶቿ ላይ ጠመኔ ቀርቶባታል። ባዶ ክፍል ውስጥ የልጆች ወንበር ላይ አስቀመጠቻቸው፤ የአቶ ባጭሩ ጉልበት አገጫቸው አጠገብ ደረሰ።

"ልጃችሁ ስታነብ ዜና አንባቢ ናት" አለች መምህርቷ። "ችግሩ ዜናውን አትሰማውም።"

እናትየዋ ነገሩ አልተዋጠላትም። መምህርቷ ልጅቷን ከግቢ አስጠራችና አጭር ምንባብ ሰጠቻት። ልጅቷ ቀጥ ብላ ቆማ አነበበች። አንድ ልጅ ቤት ውስጥ ብቻውን ነበር። በመስኮት ሰማዩን አየ፤ ጠቁሯል። ወደ ጓሮ ሮጠና ገመድ ላይ የተሰጣውን ልብስ በሙሉ ሰብስቦ ገባ። እናቱ ከሥራ ስትመለስ ፀጉሯ በስብሶ ነበር። ልብሱን አየችና ልጁን ሳመችው። ምንባቡ ይኸው ነው።

"እናቱ ለምን ሳመችው?" አለች መምህርቷ።

ልጅቷ ጣቷን መስመሮቹ ላይ አስኬደች። "ሳመችው" የሚለውን ቃል አገኘችው። "ልብሱን አየችና ልጁን ሳመችው" ብላ አነበበች።

"እሺ። ግን ለምን?"

"ልብሱን አየችና ልጁን ሳመችው።"

"ውጭ ምን እየሆነ ነበር?"

ልጅቷ ወረቀቱን ገለበጠችና ጀርባውን አየች። ባዶ ነው። "አልተጻፈም" አለች።

እናትየዋ ዕድሜዋን ሙሉ ደመና ባየች ቁጥር ወደ ገመድ የሮጠች ሴት ናት፤ ልጇም አብራት ሮጣለች፤ ባለፈው ሳምንት እንኳ ሮጣለች። የገዛ ጓሯቸው እዚያ ወረቀት ላይ ተጽፎ ልጇ አላወቀችውም።

"ንባቡን ካላለፈች ክፍል ትደግማለች፤ ደንቡ እንደዚያ ነው" አለች መምህርቷ፣ ልጅቷ ከወጣች በኋላ። "እስከ ዓመቱ መጨረሻ ጊዜ አለን።"

"ቤት ውስጥ ምን እናድርግላት?" አለች እናትየዋ።

"ከባድ አይደለም። ትንሽ ታንብብ። ከዚያ ጠይቋት። ከዚያ…"

"ባጭሩ" አሉ አቶ ባጭሩ።

ለመምህርቷ መረዳት ማለት ምን ማለት እንደሆነ አስረዷት። ቃል ከዓይን ወደ አንጎል የሚሄድበትን መንገድ ጠረጴዛው ላይ በጣታቸው ሥለው አሳዩዋት። መምህርቷ "ከዚያ…" ብላ አንዴ ሞከረች፤ ትንሽ ቆይታ "ከዚያ ግን…" አለች። ደወል ተደወለና ልጆች ግር ብለው ገቡ። እናትየዋ ወደ ቤት የተመለሰችው የዓረፍተ ነገሩን ግማሽ ይዛ ነው።

አቶ ባጭሩ ግን ብርታት ተሰምቷቸዋል። የተፈጠሩበት ሥራ በመጨረሻ ተገኝቷል። ሱቁን ቀደም ብለው እየዘጉ መምጣት ጀመሩ። የጠረጴዛ መብራት ገዙ፣ ባለቀለም እስክሪብቶ ገዙ፣ ግድግዳው ላይ ነጭ ሰሌዳ ሰቀሉ። ማታ ማታ እራት ከመቅረቡ በፊት ልጅቷ ወንበሯ ላይ ትቀመጣለች፤ ሊቁ ይቆማሉ፤ እናትየዋ ጥግ ላይ መርፌዋን ይዛ ትቀመጣለች።

ልጅቷ አንድ ዓረፍተ ነገር ታነባለች። "ቆይ" ይላሉ አቶ ባጭሩ። "'ነጋዴው በቅሎውን ጭኖ ወጣ።' ባጭሩ፣ በቅሎ ማለት…" በቅሎ ከምን ከምን እንደምትወለድ፣ ለምን እንደማትወልድ፣ ስንት ኪሎ እንደምትሸከም፣ ከዚያ ስለ ጭነት፣ ከጭነት ስለ ከባድ መኪና፣ ከከባድ መኪና ስለ ኋላ ጎማ። ነጋዴው ከበሩ ላይ ፈቀቅ ሳይል እራቱ ይቀዘቅዛል።

"ገባሽ?" ይላሉ በመጨረሻ።

"ገባኝ።"

ልጅቷ "ገባኝ" የምትልበትን ቦታ ቶሎ ለየችው። አባቷ ትንፋሽ ሊስቡ ሲሉ ነው። ጥያቄ ሲጠይቋት ደግሞ መጽሐፉን አታይም፤ ቅንድባቸውን ነው የምታየው። መልሱን ስትስት ቅንድቡ ይሰበሰባል፤ ስታቀና ይነሣል። "ነጋዴው የተናደደው ስለ ዘገየ ነው… አይ፣ ስለ ተሰረቀ… ስለ ተሰረቀ ነው" ትላለች ቅንድቡን እየተከተለች። "ጎበዝ" ይላሉ አቶ ባጭሩ፣ ወደ ሚስታቸው ዞረው "አየሽ?" ይላሉ። ሴትየዋ ያየችውን አይታለች። ምላሷ ላይ የመጣውን ዋጥ አድርጋ ክር ትበጥሳለች።

አንድ ጠዋት የልጇን ፀጉር እያበጠረች ጠየቀቻት።

"ትናንት ያነበባችሁት ታሪክ ምንድን ነው?"

"የነጋዴው ነው።"

"ምን ሆነ ነጋዴው?"

ልጅቷ ትንሽ አሰበች፤ ያሰበች ትመስል ነበር። "አባዬ ያውቀዋል" አለች።

ማበጠሪያው ፀጉሯ ላይ ቆመ። ልጅቷ ቅሬታም ኀፍረትም አይታይባትም፤ ልክ ዱቄት የት እንደሚቀመጥ እንደሚናገር ሰው ነው ያለችው። ታሪኩን ማወቅ የአባቷ ሥራ ነው፤ የእሷ ሥራ ማንበብ ነው። ሥራ ተከፋፍለዋል።

ሴትየዋ ለባሏ ልትነግር ሞከረች። "አባቷ፣ ትንሽ ብትተዋትስ? ራሷ ብታስብበት?"

"ልክ ነሽ" አሉ አቶ ባጭሩ ከልባቸው። "ማሰብ እንዴት እንደሚታሰብ አላስረዳኋትም።" በማግስቱ አስረዷት።

የመንፈቁ ፈተና ወረቀት የመጣ ቀን አቶ ባጭሩ ኮታቸውን ሳያወልቁ ጠረጴዛው ላይ ዘረጉት። ምንባቡ ቤት ስለቀየረች ልጅ ነበር። ልጅቷ የድሮ ቤቷን በር ስትሰናበት እጇን እንጨቱ ላይ አድርጋ ትቆያለች። "ለምን እጇን በሩ ላይ አሳረፈች?" ይላል ጥያቄው። መልሱ፣ "እጇን በሩ ላይ አሳረፈች።" ቀጣዩም ጥያቄ እንደዚያው፣ ከምንባቡ ላይ የተነቀለ ዓረፍተ ነገር። የመጨረሻው ጥያቄ "ልጅቷ አዲሱን ቤት የምትወደው ይመስልሃል/ሻል?" የሚል ነበር። እዚያ ላይ ልጃቸው የምትነቅለው ዓረፍተ ነገር አላገኘችም። በሚያምር ፊደል እንዲህ ብላ ጽፋለች፦ "ይህን አባቴ ያውቃል።"

ባለፈው ጊዜ ካመጣችው ውጤት ያነሰ ነው ያመጣችው።

እዚህ ላይ አንቱታው ይቅር። ወንበሩ ላይ የተቀመጠው ሰው ያን ሰዓት አቶ ባጭሩ አልነበረም፤ የሴትየዋ ባል ነበር። ወረቀቱን ደጋግሞ አነበበው። የልጁን ጽሑፍ በአውራ ጣቱ ዳበሰው፤ ቀለሙ የሚለቅ መስሎት እንደሆነ አይታወቅም።

"ዝም ብትል ምናለበት?" አለች ሴትየዋ። እንዲህ ልትል አላሰበችም፤ ድምፅዋም የሷ አይመስልም። "አንድ ቀን እንኳ ዝም ብትል። ልጄን ዋጥካት እኮ። ለሷ የተረፈ ቃል የለም እዚህ ቤት። ለኔም የለም።"

ልጅቷ በሩ ላይ ቆማ ነበር። ወደ ክፍሏ ገባች።

እሱ አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻላት ነበር። "ዝም ካልኩ ምን አደርግላታለሁ?" አለ ቀስ ብሎ። "ሌላ ነገር የለኝም። ልጄ ጉድጓድ ውስጥ ገብታ አያለሁ፤ ያለኝ ገመድ ይኼ ነው። እሱን ልሰብስበው?"

ያን ቀን እራት የበላ የለም።

ከዚያ በኋላ ማስጠናቱ ለእሷ ተላለፈ። እሱ በገዛ ፈቃዱ ወደ መኝታ ክፍል ተሰደደ፤ በሩን ግን ገርበብ አድርጎ ይተወዋል። ልጅቷ ስታነብ ከውስጥ ሳል ይሰማል። አንድ ሳል ስህተት ነው፣ ሁለት ሳል ልክ። ልጅቷ ጆሮዋን ወደ በሩ አዘነበለች። ሴትየዋ ተነሥታ በሩን ዘጋችው። ከዚያ አልጋው ይንቋቋ ጀመር፤ ሰውየው ያለ ድምፅ ማስረዳት ይችልበታል።

በሩ ከተዘጋ በኋላ ግን የባሰ መጣ። ልጅቷ ታነባለች፤ እናቷ "ምን ይመስልሻል?" ትላለች፤ ልጅቷ የእናቷን ፊት ታያለች፤ የእናቷ ቅንድብ አይናገርም። ታዲያ ልጅቷ እንደ ተዘጋ ሱቅ ትሆናለች። ሴትየዋ ለመልሱ ደጁ ላይ ቆማ ትጠብቃለች፤ ማንም አይከፍትም። አንዳንዴ ልጅቷ ዓይኗ እንባ ያቀርርና "እማዬ፣ አባዬን ልጥራው?" ትላለች። ሴትየዋ ባሏን እንደዚያ መናገሯ ያንገበግባት ጀመር። እሱስ ቢያንስ ገመድ ነበረው። እሷ ባዶ እጇን ነው ጉድጓዱ አፋፍ ላይ የቆመችው። ሥራ ቦታ ሸሚዝ እያጠፈች ታስባለች፤ ልጄ ላታስብ ነው፣ ዕድሜዋን ሙሉ የሰው ቅንድብ እያየች ልትኖር ነው። አንድ ጊዜ የደንበኛ እጅጌ በካውያ አቃጠለች።

አንድ ምሽት በጣም ደክሟት መጣች። ቁልፍ የሚተከልላቸው ሸሚዞች ተከምረዋል። ልጅቷ መጽሐፏን አውጥታ አነበበች፣ እናትየዋ እየሰፋች ሰማች። ታሪኩ ብቻዋን ስለምትኖር አንዲት ሴት ነው። ይቺ ሴት ማታ ማታ ጠረጴዛው ላይ ሁለት ሳህን ታቀርባለች። አንዱ ላይ እራቷን አውጥታ ትበላለች። ከበላች በኋላ ሁለቱንም ሳህን አጥባ ትደረድራለች። ጥያቄው ሁለት ሳህን የምታቀርበው ለምንድን ነው የሚል ነበር።

እናትየዋ መርፌው ውስጥ ክር ለማስገባት አጎንብሳ ነበር። "እንጃ" አለች። እውነቷን ነው፤ ማሰቢያ አልተረፋትም። "እኔም አልገባኝም።"

ልጅቷ ወደ እናቷ ፊት ተመለከተች። ያገኘችው የእናቷን መሃል አናት ነው። በሩ ተዘግቷል። ሌላ የሚታይ ነገር ስላልነበረ መጽሐፉን አየች።

ክሩ አልገባ አለ። ሴትየዋ ጫፉን በምራቋ አራሰችው። ከዚያ በሩ ተከፈተ፤ ባሏ ውኃ ሊጠጣ ነው የወጣው፤ ቢያንስ ብርጭቆ ይዟል። በልጁ ትከሻ ላይ ጎንበስ ብሎ አነበበና ሳያስበው አመለጠው።

"ባጭሩ፣ እንግዳ ሊመጣባት ስለሚችል ነው። ሰው ሁልጊዜ ተዘጋጅቶ…"

"አይደለም" አለች ልጅቷ።

ብርጭቆው መንገድ ላይ ቆመ።

"እንግዳ ከሆነ ሁለተኛው ላይም ታወጣ ነበር" አለች ልጅቷ፣ ጣቷን መስመሩ ላይ አድርጋ። "አንዱ ላይ ብቻ ነው የሚለው። ደግሞ ማታ ማታ ይላል። ማታ ማታ እንግዳ ይመጣል?"

አባቷ ጎንበስ ብሎ እንደገና አነበበ። ከንፈሩ እየተንቀሳቀሰ ነበር።

"ደግሞ ሁለቱንም አጥባ ይላል" አለች ልጅቷ። "ያልተበላበትን ለምን ታጥበዋለች?"

ሴትየዋ መርፌውን ጭኗ ላይ አስቀመጠች። ባሏ አፉን ከፈተ። እሷ ትዳሯን ሙሉ ያን አፍ ሲከፈት አይታለች፤ ያን ቀን ግን ባዶውን ነው የተከፈተው። "አላውቅም" አለ። ወንበር ስቦ ከልጁ ጎን ተቀመጠ። "እውነቴን ነው፤ እሷን ነገር አላየኋትም።"

ሦስቱም ዝም አሉ። ሴትየዋ ዝምታውን ልትሰብረው ምላሷ እየበላት ሳለ፣ መምህርቷ ያን ቀን መጨረስ ያቃታት ዓረፍተ ነገር ይኸው እንደሆነ ገባት። ትንሽ ታንብብ፤ ከዚያ ጠይቋት፤ ከዚያ ዝም በሉ።

"አብሯት የሚበላ ሰው ነበረ" አለች ልጅቷ ረጅም ጊዜ ቆይታ። ቀና አላለችም፤ መጽሐፉን እያየች ነው የምትናገረው። "አሁን የለም። ሳህኑን ካላጠበችው… ካላጠበችው በቃ፣ የለም ማለት ነው።"

አባቷ ተነሥቶ ወደ ወጥ ቤት ሄደ። ውኃው ለረጅም ጊዜ ሲወርድ ተሰማ።

ይህ ታሪክ እዚህ ላይ ቢያበቃ ደግ ነበር፤ ግን አላበቃም። ልጅቷ ከዚያ ወዲህ ቀስ ብላ ማንበብ ጀመረች፤ እንደ ቧንቧ መውረዱ ቀረ። እንግዳ መጥቶ ጋዜጣ ሲሰጣት አንደኛው መስመር ላይ ቆማ "ይሄ ግን ለምን?" ትላለች፤ እንግዳው ሰዓቱን ያያል። አንዳንድ ቀን ይገባታል፣ ብዙ ቀን አይገባትም። አባቷ ልምምድ ላይ ነበር፤ እጁን አፉ ላይ አድርጎ ይቀመጣል፣ ሲብስበት ውጭ ወጥቶ ለጎረቤቱ ስለ ፊልትሮ አስረድቶ ይመለሳል። የዓመቱ መጨረሻም ደረሰ።

መምህርቷ እነዚያው ትንንሽ ወንበሮች ላይ አስቀመጠቻቸው። የፈተናውን ወረቀት ከፊታቸው አደረገች።

"የመለሰቻቸው በሙሉ ልክ ናቸው" አለች። "አንዱን ጥያቄ እኔም እንደሷ አላየሁትም ነበር። ግን ግማሹን አልደረሰችበትም። ሰዓቱ አለቀባት።" ወረቀቱን ገለበጠችው፤ ጀርባው ነጭ ነው። "ደንቡ የሚያየው ድምሩን ነው። ለርእሰ መምህሩ ተናግሬያለሁ። አልሆነም።"

እናትየዋ ባሏን አየችው። አሁን ያስረዳል ብላ ጠበቀች። ስለ ደንብ፣ ስለ ድምር፣ ስለ ፍትሕ ይናገራል ብላ ጠበቀች፤ ለመጀመሪያ ጊዜም እንዲናገር ፈለገች። እሱ "እናመሰግናለን፣ መምህርት" ብሎ ተነሣ።

ሦስቱም በእግር ወደ ቤት ሄዱ። ልጅቷ ከፊት፣ ቦርሳዋን አዝላ፤ ጓደኞቿ ወደ አምስተኛ ክፍል ሲያልፉ እሷ እንደምትቀር እናትና አባቷ ነግረዋታል። አላለቀሰችም፤ መሬት መሬት እያየች ነበር የምትሄደው። ባልየው ከሚስቱ ጎን ይሄዳል፤ አንድ ቃል አልወጣውም። የመንገድ መብራት አለፉ፣ የተበላሸ መኪና አለፉ፣ ኮፈኑ ተከፍቶ ሁለት ሰዎች ያዩታል፤ እሱ ቀና ብሎ እንኳ አላየም። ሴትየዋ ይህን ሰው እንዲህ ሆኖ አታውቀውም። ዝም እንዲል ስንት ዘመን ጸልያለች፤ ዝም ሲል የሚያስፈራ መሆኑን ማን ነገራት።

ከቤታቸው በላይ ያለው መንገድ አስፋልት እየለበሰ ነበር። ዳምጠው የሚሉት ግዙፍ መኪና ትኩሱን አስፋልት እየዳመጠ ወደፊት ይሄዳል፣ ወደ ኋላ ይመለሳል። ሴትየዋ ቆመች።

"ይሄ ነገር እንዴት ነው የሚሠራው?" አለች ባሏን።

ሰረቅ አድርጎ አያት፤ የምታሾፍበት መስሎት ነበር። "የቱ?"

"እሱ። አስረዳኝ።"

"እንጃ" አለ።

"አባዬ፣ ታውቃለህ እኮ" አለች ልጅቷ ዞራ።

ጉሮሮውን ጠረገ። መጀመሪያ ቃሉ ከሩቅ እንደሚመጣ ሁሉ እየተጎተተ ወጣ፤ ከዚያ እጁ ተነሣ፣ ስለ ክብደት፣ ስለ ሞተሩ፣ ትኩስ አስፋልት ለምን ሳይቀዘቅዝ መዳመጥ እንዳለበት። ሴትየዋ "እህ" አላለችም፤ ሰማችው። መርፌም አልያዘችም። ሰውየው ነገሩን ያውቀዋል፤ ሲናገር ደግሞ ፊቱ ያምራል፤ ይህን ድሮ ታውቅ ነበር፣ ያገባችውም ሳታውቅ አይደለም።

"አባዬ" አለች ልጅቷ ከመሃል። "ብረቱ ላይ ለምን ውኃ ያፈስበታል?"

እውነትም ከዳምጠው ትልቅ ብረት በላይ ትንንሽ ቀዳዳዎች አሉ፤ ውኃ ያንጠባጥባሉ። ባሏ መልሱን ያውቀዋል። ሴትየዋ መልሱ ወደ ጉሮሮው ሲመጣ አየችው፤ ማንቁርቱ ከፍ ብሎ ዝቅ አለ።

"አንቺ ምን ይመስልሻል?" አለ።

ልጅቷ አሰበች። "እንዳይሞቀው ይሆናል።"

ስህተት ነው። ሴትየዋ ስህተት መሆኑን ያወቀችው ከባሏ አተነፋፈስ ነው። እጆቹን ወደ ኋላው አድርጎ አንዱን በሌላው ያዘው።

"ይሆናል" አለ። "ሌላስ?"

ልጅቷ ቁጢጥ አለች። ከሠራተኞቹ አንዱ ፈቀቅ በሉ ብሎ በእጁ ምልክት ሰጣቸው፤ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ሄዱ፣ ልጅቷ ግን ዓይኗን ከብረቱ ላይ አልነቀለችም። ዳምጠው ጥቁሩን፣ የሚጨሰውን አስፋልት እየደፈጠጠ በፊታቸው አለፈ፣ ተመለሰ፣ እንደገና አለፈ። ጀርባቸው ላይ ፀሐይዋ እያዘቀዘቀች ነበር። አባቷ ጠበቀ። ሰው በዚህ ዓለም ላይ ከዚህ የከበደ ሸክም ይዞ ቆሞ ያውቅ እንደሆነ ሴትየዋ ትጠራጠራለች።

"አልተጣበቀበትም" አለች ልጅቷ ቀስ ብላ። "አስፋልቱ ብረቱ ላይ አልተጣበቀበትም።"

ሴትየዋ የባሏን ክንድ ጠበቅ አድርጋ ያዘች። እንዳይናገር ብላ አልነበረም።